አደራ ያልበላች መንደር



የዚህን ወር ወጋችንን በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ሌሊት በራችሁ ተንኳኳ እንበል። ስትከፍቱ ጎረቤታችሁ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፎ ቆሟል። «የደብራችን ንብረት ነው፤ ወርቅ ነው። ሊወስዱትና ሊያቀልጡት እየመጡ ነው። እናንተ ዘንድ ይቀመጥ» ይላችኋል። ደረሰኝ የለም፣ የፈረመ ሰው የለም። ቢገኝባችሁ መዘዙ ቀላል አይሆንም። ከዚያ ጊዜው ይነጉዳል፣ ኑሮ ይከብዳል፣ ጓዳው ይጎድላል። ወርቁ ግን እዚያው የደበቃችሁበት ቦታ ተቀምጧል።

ትመልሱት ነበር?

ይህ ፈተና በእውነት የደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ የፈረንሳይ አብዮት በተቀጣጠለበት ጊዜ፣ ኮንክ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነዋሪዎች የቤተ ክርስቲያናቸውን ወርቅ ተከፋፍለው ደበቁ። ዘመኑ ሲረጋጋ ደግሞ መለሱት። ዛሬ ወደዚያች መንደር የሚሄድ ሰው ያንን ወርቅ በዓይኑ ያየዋል። በዚህ ወር ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለዚያ ወርቅና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልን።

ዛጎል የመሰለ ሸለቆ

ኮንክ የምትገኘው በደቡብ ፈረንሳይ፣ አቬይሮን በሚባለው አውራጃ ውስጥ ነው። ሮዴዝ ከምትባለው ከተማ በመኪና ቢበዛ አንድ ሰዓት ብታስኬድ ነው። ስሟ የመጣው ዛጎል የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ሸለቆ ከላይ ሲያዩት እንደ ዛጎል ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ነው ይላሉ። ቤቶቹ በቁልቁለቱ ላይ አንዱ ከአንዱ ትከሻ በላይ ተደርድረዋል፤ ጣሪያቸው እንደ ቅርፊት በተነባበረ ስስ ድንጋይ የተከደነ ነው። ከመካከላቸው ሦስት ማማዎች ያሉት፣ ለመንደሯ ከልክ በላይ የገዘፈ የሚመስል ቤተ ክርስቲያን ብቅ ይላል። የቅድስት ፎይ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ዳዶን የተባለ ባሕታዊ ጸጥታ ፍለጋ ወደዚህ ሸለቆ መጥቶ ሰፈረ። ጥቂት ተከታዮች ተሰበሰቡለትና የቅዱስ ቤኔዲክትን ሥርዓት የሚከተል ገዳም ሆነ። የታላቁ ንጉሥ የሻርለማኝ ልጅ ሉዊም በ819 በጽሑፍ ባረጋገጠው ስጦታ ገዳሙን ደገፈው። ነገር ግን ቦታው ከሰው የራቀ፣ መሬቱ ገደላማ፣ እርሻውም ጠባብ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ የሰማዕት አጽም የሌለው ገዳም ተሳላሚ የለውም፤ ተሳላሚ ከሌለ ስለት የለም፤ ስለት ከሌለ እህልም ግንብም የለም። የኮንክ መነኮሳት የጎደላቸው ቅዱስ ነበር።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ

ከኮንክ በስተ ምዕራብ ርቃ የምትገኝ አዣን የምትባል ከተማ ግን ይህ ሀብት ነበራት። እንደ ትውፊቱ ከሆነ ፎይ የዚያች ከተማ ልጅ ነበረች። ስሟ በላቲን «ፊዴስ» ሲሆን ትርጉሙም እምነት ማለት ነው። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ገደማ ሳለ፣ በ303 አካባቢ፣ ለጣዖት አልሰግድም ብላ በሮማው ንጉሥ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ተገደለች። የዚህ ንጉሥ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳባችን «ዓመተ ሰማዕታት» የምንለው ዘመን የሚቆጠረው እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነውና።

አዣን መቃብሯን አክብራ ያዘች። ቀጥሎ የሆነውን ያቆዩልን የኮንክ መነኮሳት ራሳቸው ናቸው። በትረካቸው መሠረት ከመካከላቸው አንዱ ማንነቱን ሰውሮ ወደ አዣን ሄደ። እዚያ ካሉት የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ጋር ተቀላቀለ፤ አብሯቸው በላ፣ አብሯቸው ጸለየ። አሥር ዓመት ቆየ። በመጨረሻ ስላመኑት የመቃብሩን ጥበቃ ለእርሱ ሰጡት። በ866 አካባቢ አንድ ሌሊት ብቻውን ሲቀር መቃብሩን ሰብሮ አጽሟን አወጣና በከረጢት ይዞ ወደ ኮንክ ገሰገሰ።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ የኮንክ ክብር የጀመረው አደራ በመብላት ነው።

መነኮሳቱ ይህን አልደበቁትም፤ እንዲያውም በኩራት ነበር የሚተርኩት። የዘመኑ አስተሳሰብ «ቅድስቲቱ ባትፈቅድ ኖሮ መቼ ትነሣለት ነበር?» የሚል ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እንዲህ ያለ የአጽም ስርቆት በኮንክ ብቻ የተፈጸመ አይደለም፤ «ቅዱስ ስርቆት» የሚል ስም እስከ መውጣት ደርሷል።

ወላጆች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ቆም ትሉ ይሆናል። ልጃችሁ ይህን ታሪክ ሰምቶ «ታዲያ ሌባ አይደለም እንዴ?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ማድበስበስ አያስፈልግም። «አዎ፣ ሰርቋል፤ ያመኑትን ሰዎች አታሏል። በዚያ ዘመን ግን ብዙዎች ልክ ነው ብለው ያምኑ ነበር» ማለት ይበቃል። ቅርስ ሁሉ ንጹሕ መነሻ ያለው አድርገን የምንነግራቸው ልጆች አድገው እውነቱን ሲያገኙት ቅርሱንም እኛንም ይጠራጠራሉ።

በወርቅ የተቀመጠች ቅድስት

አጽሙ ከመጣ በኋላ ኮንክ ተለወጠች። ዓይነ ስውራን በርተዋል፣ እስረኞች ከሰንሰለት ተፈትተዋል የሚል ወሬ ከአገር አገር ናኘ። መነኮሳቱም አጽሙን የሚያኖሩበት ሐውልት አሠሩ። ቁመቱ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ እንጨት፣ ውጪው የወርቅ ልባስ ሆኖ በዙፋን ላይ ቀጥ ብላ የተቀመጠች ቅድስት ያሳያል። የሚገርመው ፊቱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት አይደለም። ከሐውልቱ የቀደመ፣ ከሮማውያን ዘመን ማብቂያ የተረፈ የወርቅ ራስ ነው፤ መነኮሳቱ ለአዲስ አገልግሎት አዋሉት። ዓይኖቹ በሩቁ የሚያፈጡ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በየዘመኑ የመጣ ሰው ስለቱን ጨመረበት። ዕንቁ፣ የከበረ ድንጋይ፣ ምስል የተቀረጸበት የጥንት የጣት ቀለበት ፈርጥ፣ ሁሉም በሐውልቱ ላይ እየተሰካ ሄደ። ዛሬ ቀሚሷን በቅርብ ያየ ሰው በአንድ ልብስ ላይ የብዙ መቶ ዓመታት ስለት ተደርድሮ ያገኛል።

ስለዚህ ሐውልት ብዙ የምናውቀው በአንድ ተጠራጣሪ መምህር ምክንያት ነው። በርናር ይባላል፤ በሰሜን በኩል ካለችው ከአንዤ ከተማ በ1013 ስለ ተአምራቱ የሚወራውን ሊያጣራ መጣ። በመንገድ ላይም ሆነ እዚያ ሲደርስ እንዲህ ያሉትን የወርቅ ሐውልቶች ከአረማውያን ጣዖት ጋር እያመሳሰለ ለባልደረባው በላቲን ያላግጥ ነበር። ሕዝቡ ላቲን ስለማይገባው ማንም አልሰማውም። ነገር ግን እዚያው ሰንብቶ የሰዎቹን ታሪክ አንድ በአንድ ሲጠይቅ ልቡ ተለወጠ። ባላገጠበት አፉ የቅድስት ፎይን የተአምራት መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ።

በርናር የጻፋት ቅድስት ደግሞ እንደ ዕድሜዋ ልጅ ናት። ትጫወታለች፣ ትቀልዳለች፣ ጌጥ ትወዳለች። ለአንዲት የቱሉዝ መስፍን ሚስት በሕልም ታይታ የወርቅ አምባሯን ጠየቀቻት። መኳንንቷም «ልጅ ከሰጠሽኝ እሰጥሻለሁ» ብላ ተደራደረች። አምባሩ ለቅድስቲቱ ገባ፣ መኳንንቷም ወንድ ልጅ ታቀፈች ይላል መጽሐፉ። ስለት የሚገባና የሚያስገባ ሕዝብ ልጅ ለሆነ አንባቢ ይህ ትረካ ከሩቅ አገር የመጣ አይመስለውም።

ለእግረኛ የተሠራ ቤት

ተሳላሚው ሲበዛ የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ጠበበ። ዛሬ የምናየው ሕንፃ በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ተጀምሮ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ተጠናቀቀ። ያን ጊዜ ኮንክ ሌላም ዕድል ገጥሟት ነበር። በሰሜን ምዕራብ ስፔን ወዳለው የሐዋርያው ያዕቆብ መካነ መቃብር፣ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ በእግር የሚጓዙ ምዕመናን ዋና መንገድ ላይ ወደቀች። ለ ፑይ ከምትባለው ከተማ የተነሣ ተጓዥ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራራ ወጥቶ ወርዶ ኮንክ ይደርሳል። እግሩ ቆስሏል፣ ልብሱ በስብሷል። ቤተ ክርስቲያኑ የተነደፈው ለዚህ ሰው ነው።

እንዴት ቢሉ፣ መነኮሳቱ በመካከል ጸሎት ያደርሳሉ፤ በዚያው ሰዓት መቶ ተሳላሚ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከዋናው አዳራሽ ግራና ቀኝ ረጃጅም መተላለፊያዎች ተሠሩ፤ እነርሱም ከመቅደሱ ጀርባ ዞረው ይገናኛሉ። ተጓዡ በአንዱ በኩል ገብቶ፣ በቅድስቲቱ ዙሪያ ዞሮ፣ በሌላው በኩል ይወጣል። ጸሎቱም አይታወክም፣ ሰውም አይጋፋም።

ርዝመቱ 56 ሜትር ነው፤ ተራራው ከዚያ በላይ እንዲረዝም አልፈቀደለትም። በርዝመት ያጣውን ግን በቁመት አካክሷል። የአዳራሹ የድንጋይ ቅስት ጣሪያ 22 ሜትር ከፍታ አለው። የስድስትና የሰባት ፎቅ ሕንፃ ያህል ማለት ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ ክብደቱ ግድግዳዎቹን ወደ ውጪ ይገፋል። ግንበኞቹ ግፊቱን የመለሱት ከመተላለፊያዎቹ በላይ ሰገነት ሠርተው፣ የሰገነቱን ጣሪያ እንደ ግማሽ ቅስት ከዋናው ግድግዳ ጋር በማስደገፍ ነው። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው መሐል ያለውን በትከሻቸው እንደሚደግፉት ማለት ነው። ብረትና ሲሚንቶ በሌለበት የተሠራው ይህ መደጋገፍ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል።

በሩ ላይ ያለው ፍርድ

ቤተ ክርስቲያኑን በዓለም ያስታወቀው ግን ከምዕራቡ በር በላይ ያለው ግማሽ ክብ የድንጋይ ቅርጽ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተቀረጸ ሲሆን 124 ምስሎች አሉበት፤ በአንዳንዶቹ ላይ የጥንቱ ቀለም እስከ አሁን ይታያል። ሥዕሉ የዕለተ ምጽአት ፍርድ ነው። ማንበብ ለማይችል ሕዝብ የተጻፈ መጽሐፍ ልትሉት ትችላላችሁ።

በመካከል ክርስቶስ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ወደ ላይ፣ ግራ እጁ ወደ ታች ነው። በቀኙ ጻድቃን በሥርዓት ተሰልፈዋል። እመቤታችን ማርያምና ቅዱስ ጴጥሮስ ከፊት ናቸው፤ ንጉሥ ሻርለማኝም ከኋላ ይከተላል። ከእነርሱ ሥር ትንሿ ፎይ በግንባሯ ተደፍታለች። የእግዚአብሔር እጅ ከደመና ወጥቶ ሊነካት ደርሷል። ከኋላዋ የተፈቱ እስረኞች ስለት አድርገው ያመጡት ሰንሰለት ተንጠልጥሏል።

በግራው በኩል ግን ሥርዓት የለም። ባለ ፈረሱ ከነፈረሱ ተገልብጦ ይወድቃል። ስስታሙ ገንዘብ ከረጢቱ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ተሰቅሏል። ሐሰተኛው ምላሱ ይጎተታል። አንዱ ደግሞ በእንጨት ላይ ታስሮ እሳት ላይ ይገላበጣል፤ ከሚያገላብጡት አንዱ የጥንቸል ራስ አለው፤ ሰውየው በሕይወቱ ጥንቸል ሲሰርቅ የኖረ አዳኝ ነው ይባላል። ከመካከል ቅዱስ ሚካኤልና ዲያብሎስ በሚዛን ግራና ቀኝ ተፋጠዋል። ልጆቻችሁ ይዘዋችሁ ከቆሙ ዲያብሎሱን በደንብ እንዲያዩት ንገሯቸው፤ በጣቱ የሚዛኑን ሳህን ወደ ራሱ ሊጫን ሲያታልል ተይዟል። የገበያ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ እዚህ በር ላይ ሲደርስ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

ሌላም ለልጆች የሚሆን ነገር አለ። በቅስቱ ዳር ዳር በመጋረጃ ጫፍ የሚመስል ድንጋይ ይዘው አሾልከው የሚመለከቱ ትንንሽ ፊቶች አሉ። የመንደሯ ሰዎች «ጉጉዎቹ» ይሏቸዋል። ከሰማይና ከሲኦል ውጪ ሆነው የፍርዱን ቀን ከጓሮ የሚያዩ ጎረቤቶች ይመስላሉ።

የሌሊቱ አደራ

ክብር ግን አይዘልቅም። የተጓዡ ቁጥር ቀነሰ። በ1537 የገዳሙ ሥርዓት ቀርቶ መነኮሳቱ በካህናት ማኅበር ተተኩ። በ1568 በሃይማኖት ጦርነቱ ወቅት ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠሉት፤ እሳቱ ዓምዶቹን ሳይቀር ጎዳ። ከዚያ 1789 መጣ።

አብዮታዊው መንግሥት በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ወረሰ። በ1790 የገዳማት ማኅበራት ተበተኑ። ቀጥሎ ወርቅና ብሩ ለገንዘብ ማተሚያና ለጦርነት ወጪ እንዲቀልጥ ትእዛዝ ወጣ። ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። የፈረንሳይ ነገሥታት የሚቀበሩበት የፓሪሱ የቅዱስ ዴኒ ገዳም ንዋየ ቅድሳት አብዛኛው በ1793 ወደ ማቅለጫው ሄዷል። በአንድ ወቅት ከምዕራቡ ዓለም አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ይገዝፍ የነበረው የክሉኒ ገዳም ደግሞ ተሸጦ ድንጋዩ ለግንባታ ተቸበቸበ፤ ዛሬ የቀረው ጥቂቱ ብቻ ነው።

የኮንክ ወርቅ ግን ተረፈ። ለምን? ንጉሥ አልተከላከለለትም፤ ንጉሡ ራሱ አንገቱን ተቀልቷል። ጳጳስም አልደረሰለትም። ያተረፉት የመንደሯ ሰዎች ናቸው። ሹማምንቱ ከመምጣታቸው በፊት ንዋየ ቅድሳቱን ተከፋፈሉት። ከፊሉን በጓሮ አትክልታቸው ውስጥ ቀበሩት፤ ከፊሉን ደግሞ ሻቴኝ የሚባለውን፣ ቀቅለውም ጠብሰውም የሚበሉትን የዛፍ ፍሬ በሚያደርቁባቸው ጎጆዎች ውስጥ ሸሸጉት ይባላል። ሻቴኝ ለዚያ አገር ድሃ እንጀራው ነበር። እንግዲህ ከዕለት ጉርሳቸው ሥር ወርቅ አስቀምጠው ያን ፍሬ እየበሉ ከረሙ ማለት ነው።

ጊዜው ሲያልፍም መለሱት። ከሐውልቱ ሌላ በርካታ የአጽም ማኖሪያዎች፣ በሻርለማኝ ተሰጠ የሚባለው «ኤ» የሚል ፊደል ቅርጽ ያለው የወርቅ ሥራና ሌሎችም ንዋያት አሉ። ባለሙያዎች እንደሚሉት ይህ «ኤ» ከሻርለማኝ በኋላ፣ በ1100 አካባቢ የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ሆኖ ዛሬ በፈረንሳይ ካሉት የመካከለኛው ዘመን የወርቅ ሥራ ስብስቦች ተወዳዳሪ የማይገኝለት ነው።

አሁን ሁለቱን ሌሊቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንደኛው ሌሊት፣ በአዣን፣ አሥር ዓመት የታመነ አንድ መነኩሴ አደራውን በላ። በሌላው ሌሊት፣ ከ900 ዓመት በኋላ፣ ማንም ያልተቆጣጠራቸው ገበሬዎች አደራውን ጠበቁ። ቅድስቲቱን ወደ ኮንክ ያመጣት ስርቆት ነው። በኮንክ ያቆያት ግን የአደራ ጠባቂነት ነው።

ከውጪ የመጣ ዓይን

ወርቁ ቢተርፍም ሕንፃው እየፈረሰ ነበር። በ1837 ፕሮስፔር ሜሪሜ ኮንክ ደረሰ። ይህ ሰው ኋላ «ካርመን» የተባለውን ልቦለድ የጻፈው ደራሲ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የመንግሥት የታሪካዊ ሐውልቶች ተቆጣጣሪ ነበር። እንዲህ ባለ ጭው ያለ በረሃ ያን ያህል ሀብት አገኛለሁ ብሎ እንዳልጠበቀ በዘገባው ጽፏል። በ1840 ፈረንሳይ የመጀመሪያውን የታሪካዊ ሐውልቶች ዝርዝር ስታወጣ የኮንክ ቤተ ክርስቲያን ከተካተቱት አንዱ ሆነ፤ ጥገናውም በዚያው ክፍለ ዘመን ተካሄደ። በ1875 ደግሞ በመቅደሱ ዙሪያ ካለው ግንብ ውስጥ የተደበቀ ሣጥን ተገኘ፤ በውስጡም የቅድስቲቱ አጽም። በአንድ ወቅት በፍርሃት የደበቁት ሰዎች ሞተው፣ ሚስጥሩም አብሯቸው ተቀብሮ ነበር።

ቀጣዩ ዓይን የአንድ ተማሪ ዓይን ነው። በ1919 በሮዴዝ የተወለደው ፒየር ሱላዥ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ኮንክን ሊጎበኝ ሄደ። ሕይወቱን ለሥዕል ለመስጠት የወሰነው እዚያ ውስጥ ቆሞ እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። አድጎ በጥቁር ቀለም ሥራዎቹ ዓለም ያወቀው ሠዓሊ ሆነ። መንግሥት የቤተ ክርስቲያኑን መስኮቶች በአዲስ መልክ እንዲሠራ ጠየቀው።

ሱላዥ ሥዕል አልሣለም፣ ቀለምም አልተጠቀመም። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውጪውን ግን የማያሳይ ነጣ ያለ መስታወት ፈለገ። ሲያጣ ጊዜ ከአንድ የቱሉዝ መስታወት ሠሪ ጋር በመቶ የሚቆጠር ሙከራ አድርጎ ራሱ ፈጠረው። 104 መስኮቶች ሰባት ዓመት ገደማ ፈጅተው በ1994 ተመረቁ።

የመንደሯ ሰዎች መጀመሪያ ላይ በጣም ተቆጥተው ነበር። ቀድሞ የነበሩት የቅዱሳን ሥዕል ያለባቸው ባለቀለም መስኮቶች ተነሥተው፣ ጥቁር መስመር ብቻ ያለበት ሲገባ «ይህ ምኑ ቤተ ክርስቲያን ነው?» ያሉ ብዙ ነበሩ። ሊፈረድባቸው አይገባም። ወርቁን የደበቁት የእነርሱ አያቶች ናቸው፤ ሲለወጥ መቆጣት መብታቸው ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ብርሃኑን ማየት ጀመሩ። መስታወቱ እንደ ፀሐዩ አካሄድ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ሰማያዊ መስሎ፣ አመሻሽ ላይ ወርቃማ ይሆናል። ድንጋዩም አብሮ ይለወጣል። ሱላዥ በ2022 በ102 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ ለእነዚያ መስኮቶች ብለው ብቻ ኮንክ የሚመጡ ሰዎች አሉ።

ከልጆች ጋር ብትሄዱ

በ1998 ቤተ ክርስቲያኑና የመንደሯ ጥንታዊ ድልድይ ወደ ሳንቲያጎ ከሚወስዱት የፈረንሳይ መንገዶች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በአውሮፓ የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ የምትሄዱ አንባቢዎቻችን ዕድሉ ከገጠማችሁ ጥቂት ምክር እነሆ።

ባቡር መንደሯ ድረስ አይገባም፤ ከሮዴዝ በመኪና መሄድ ይቀላል። መንገዶቿ ቁልቁለትና ኮብልስቶን ስለሆኑ የሕፃን ጋሪ ያስቸግራል፤ ባለ ተረከዝ ጫማም ቤት ይቅር። ለልጆች አነስተኛ መነጽር ያዙላቸው፤ «ጉጉዎቹን» ቆጥሮ የጨረሰ አይስክሬም ይገባዋል ብትሏቸው በሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ጸጥ ብለው ይቆማሉ። በሩን ለማየት ምርጡ ሰዓት አመሻሽ ነው፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ ስላደረገ የጀምበር መጥለቂያ ብርሃን በቀጥታ ያርፍበታል። ሐውልቱ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው የንዋየ ቅድሳት ሙዚየም ነው። ምሽት ላይ ደግሞ ከ1873 ጀምሮ እዚያ የሚያገለግሉት የፕረሞንትሬ ማኅበር ወንድሞች ጸሎት ያደርሳሉ፤ በማግሥቱ መንገዳቸውን የሚቀጥሉትን እግረኞችም ይባርካሉ።

እናንተስ ምን ተሸክማችኋል?

የዚህን ታሪክ ትርጉም ለማግኘት ግን ፈረንሳይ መሄድ ግድ አይደለም። ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከአያታችሁ የተረፈ የብራና መጽሐፍ፣ የእናታችሁ ጠልሰም፣ አባታችሁ የጻፈው የቤተሰብ ትውልድ ቆጠራ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ይኖራል። ልጆቻችሁ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የት እንደተቀመጠስ? በ1875 ኮንክ ውስጥ አጽሙ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። የደበቁት ሰዎች ለልጆቻቸው ሳይነግሩ ስለሞቱ ሚስጥሩ ከትውልድ ተቆርጦ ነበር። ወርቁ የተረፈው ግን ያለበትን የሚያውቅ፣ የማን እንደሆነም የሚያስታውስ ሰው ስለነበረ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር አንድ ነገር ሞክሩ። በመጪው እሑድ ምሳ ላይ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ፣ አንዱን ዕቃ አውጡና ለልጆቹ ታሪኩን ንገሯቸው። ማን ሰጠን? እንዴት ደረሰን? ከነጉድፉ ንገሯቸው፤ አያት የወሰደው ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ከሆነም ይነገር። ከዚያ ዕቃውን በእጃቸው ያዙት በሏቸው። ክብደቱን ይወቁት።

ያን ሌሊት የኮንክ ገበሬ በሩን ከፍቶ ጥቅሉን ሲቀበል መጀመሪያ የተሰማው ክብደቱ ነው። ለማን እንደሚመልሰው ግን ያውቅ ነበር።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ያሰንብተን።